መርዝ ፍለጋ ፋርማሲ የገባሁ ለት

የወንጀል ልቦለድ ልጽፍ ተነስቼ፣ ሟቹንም ገዳዩንም ካገኘሁ በኋላ ሥራው ቆመብኝ። ሟቹ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ የሚገድላቸው የገዛ እህታቸው ልጅ። ግን በምን ይግደላቸው? ጥይት ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ቢላዋ ደም ያፈሳል። የኔ ገዳይ ደግሞ ለአጎቱ ማታ ማታ ሻይ የሚያፈላ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው።

ይህን ሳሰላስል የአጋታ ክሪስቲ ነገር ትዝ አለኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶርኪ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 የታተመው የመጀመሪያ ልቦለዷ የተሸመነው እዚያ በለመደችው ሙያ ነው፤ መርዙ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጥና የመጨረሻዋን ማንኪያ የጠጣ ሰው ይሞታል። ገዳዩ ያን ሰዓት በቦታው መኖር እንኳ አያስፈልገውም። ለካ ሙያ የሚያውቅ ደራሲ እንዲህ ነው የሚጽፈው ብዬ እኔም የመድኃኒት ሰው ልጠይቅ ወጣሁ።

«እህቴ፣ ከሻይ ጋር ቢጠጣ ጣዕሙ የማይታወቅ፣ ሽማግሌ ሰው ላይ ቶሎ የሚሠራ መድኃኒት የትኛው ነው?» አልኳት ፋርማሲስቷን።

«ምን እንዲሆኑ ነው?»

«እንዲሞቱ። ልቦለድ እየጻፍኩ ነው።»

ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር የሰማችው አልመሰለኝም። ፊቴን ማየት ትታ እጄን ማየት ጀመረች። «አባባ፣ እስቲ አንዴ ግቡ» ብላ ጥበቃውን ጠራች። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ወረፋ ትጠብቅ የነበረች እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገችው። መታወቂያ ተጠየቅሁ፤ ሰጠሁ። ቦርሳዬ ተከፈተ፤ ደብተር፣ ጃንጥላ፣ እግረ መንገዴን አምሳያውን ልገዛ የያዝኩት የእናቴ የደም ግፊት ኪኒን። እሽጉን ገለበጠችው። ጥቂት ፍሬ ነው የቀረው።

«ከዚህ ውስጥ የጎደለው ለማን ተሰጠ?»

መልስ አልነበረኝም። እናቴ ጋ ተደወለ። «ልጄ ነው፤ ለጎረቤት አበድሬ ነው የጎደለው፤ ምን ሆነ?» ስትል ድምጿ እስከ በሩ ተሰማ። ጥበቃው ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ፋርማሲስቷ ኪኒኑን እየመለሰችልኝ «ለመሆኑ ገዳዩ ይያዛል?» አለች። ይያዛል አልኳት። መርዙን ግን አልነገረችኝም፤ ደግ አደረገች።

የፈለግሁትን ባላገኝም የሚበልጥ ነገር ይዤ ወጣሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ኪኒን የነበረው ነገር ወዲያው ማስረጃ ሆነ። ነገሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። የምስጢር ልቦለድ ጉልበቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንባቢ መጨረሻ ላይ ሲደርስ «ፍንጩን ደብቀህብኝ ነው» ማለት የለበትም። አይቶት፣ ኪኒን ነው ብሎ ያለፈው መሆን አለበት። ካህንም ደራሲም የነበረው ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልቦለድ ባወጣቸው ሕጎች ገዳዩ ገና ከጅምሩ የተጠቀሰ ሰው እንዲሆን ያዘዘው ለዚሁ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ተሰምቶ የማይታወቅ መንታ ወንድም ከሰማይ የሚያወርድ ደራሲ አንባቢውን ዘርፎታል።

ደግሞስ መርማሪው የግድ ካፖርት ለባሽ መሆን አለበት? እኛ አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ነበረን። ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ አገሬው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ ይምላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። ሼርሎክ ሆልምስ ብቻውን ሌላውን ይመረምራል፤ በአውጫጭኝ ግን ሁሉም መርማሪ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። ጎረቤትህ እያየህ፣ አበልጅህ እያየህ ትናገራለህ፤ ዝም ብትልም ዝምታህ ይታያል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህ ስለገባው በእንግሊዝኛ «ዘ አፈርሳታ»ን ጻፈ፤ መነሻው በጉራጌ መንደር የተቃጠለ ጎጆ ነው። በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» የስለላን ውጥረት አስመራ ላይ ተከለው እንጂ ለንደን ድረስ አልሄደም።

አስፈሪ ታሪክ የሚጻፍበትን መንገድ ያየሁት ደግሞ ከአክስቴ ነው፣ ገጠር፣ መብራት በሌለበት ምሽት። ጭራቁን መልኩን ነግራን አታውቅም። ሴትዮዋ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች፤ ስትቆም ይቆማል፤ ስትሄድ ይሄዳል። እዚህ ላይ አክስቴ ተረቱን ታቋርጥና እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ቀና እንኳ ሳትል «የጓሮውን በር ማን ነው የዘጋው?» ትላለች። ማንም አይመልስም። ፍርሃቱ ከተረቱ ወጥቶ እኛው ቤት ይገባል። ጥርሱን፣ ጥፍሩን፣ ደሙን ገጽ ሙሉ የሚዘረዝሩ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ አንዳቸውም ያቺን ጥያቄ አያክሉም።

የኔው ልቦለድ አሁን ፋርማሲ የለበትም። ሽማግሌው በምን እንደሞቱ ማንም አያውቅም፤ የሰፈሩ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እርስ በርሱ እየተያየ ነው።

በአውጫጭኝ የተቀመጠ አያት ወይም አጎት ያላችሁ፣ ሰዎቹ ሳያልፉ ሄዳችሁ ጠይቁና ጻፉት። ስም ቀይሩ፣ አገር ቀይሩ፤ ማን ሲናገር ማን አንገቱን እንደደፋ ግን እንዳትተዉት።