አንበሳው ለምን አይነሳም? የአንድ ከተማ የመዝናኛ ልማድ ቅኝት

የዚህ ጥናት ዓላማ የአዲስ አበባ ሰው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ድረስ ሄዶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ የተኛ አንበሳ አይቶ ደስ ብሎት የሚመለስበትን ምክንያት መመርመር ነው። ቀደም ያሉ ጥናቶች በእንስሳው ላይ ብቻ ስላተኮሩ ክፍተት ተፈጥሯል።

ስለ እንስሳው ያለው ዕውቀት ደህና ነው። ግቢው የተቋቋመው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1948 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዘሩ መነሻ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች እንደነበሩ ይነገራል። የወንዱ ጎፈር ጥቁር ነው፤ ደረቱን አልፎ ሆዱ ድረስ ይወርዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የ15 አንበሶችን ዘረመል መርምረው የአዲስ አበባው ከሌላው የተለየ መሆኑን ጻፉ። የሰፈሩ ሰው ይህን ቀድሞም ያውቅ ነበር፤ የሚያሳትምለት አጥቶ ነው እንጂ።

የጎብኚው ጠባይ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ ጎብኚው ፍርግርጉን ተጠግቶ ዝም ይላል። በሁለተኛው፣ ከቤተሰቡ ታላቅ የሆነው ሰው «ተኝቷል» ሲል ለሁሉም የሚታየውን በይፋ ያሳውቃል። አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን «አባዬ፣ ሞቷል እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ «አይ፣ ደክሞት ነው» የሚል መልስ ተሰጥቶታል። ምን ሠርቶ እንደደከመው አልተብራራም። ሦስተኛው ደረጃ ፉጨት፣ ጭብጨባና «አንተ! ተነስ እንጂ!» ነው። በዚህ መሐል አንበሳው ዝንብ ለማባረር አንድ ጆሮውን ካርገበገበ «አየኸው? አየኸው?» ይባላል፤ ስልኮች ሁሉ ይወጣሉ፤ የትኬቱም ዋጋ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት እንደሚያርፍ የእንስሳት ባለሙያዎች ይናገራሉ። ይህ ግን የአዲስ አበባውን ሁኔታ በበቂ አያስረዳም። በዚህች ከተማ አንበሳ አውቶቡስ ሆኖ ሰው ያመላልሳል፣ ጫማ ሆኖ ይረገጣል፣ ባንክ ሆኖ ያበድራል፣ ሳንቲም ላይ ሆኖ ይመነዘራል፤ ለገሀር ባቡር ጣቢያው ፊትና ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ደግሞ ሐውልት ሆኖ ዝናብ ይመታዋል። ሥራው ሁሉ በውክልና ከተሰጠ፣ ባለቤቱ ቢተኛ የአስተዳደር ጥፋት ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ነባር መላምትም በዚሁ አጋጣሚ ተፈትሿል። በግቢው የተገኘው ማስረጃ በሙሉ ወደ ብረት ያመለክታል። ድር የታየው በቤቱ ጥግ ብቻ ሲሆን፣ ያሰረውም ዝንብ ነው።

ዋናው ግኝት የተገኘው ሳይታሰብ ነው። አንበሳው ብድግ ብሎ አገሳ። ከሁሉ በፊት ወደኋላ ያፈገፈገው ከሁሉ አብልጦ «ተነስ!» ሲል የነበረው ጎልማሳ ነው። አባትዬው ልጁን ከትከሻው አውርዶ «በል ጦጣ እንይ» አለው። ከዚህ የምንረዳው ሕዝቡ የሚፈልገው የሚያስፈራ አንበሳ መሆኑን፣ ማስፈራቱ ግን በስም ደረጃ እንዲወሰን መሆኑን ነው።

የመፍትሔ ሐሳብ፦ «ተነስ» ባይ ሁሉ፣ አንበሳው ከተነሳ በኋላ ምን እንዲያደርግለት እንደሚሻ አስቀድሞ በጽሑፍ በሦስት ቅጂ ያቅርብ። ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ አንበሳው ባለበት ይቆይ።