ከ“ውሰድ” እስከ “ይውሰዱ”

ደቡብ ቆላ ውስጥ ጋራዥ ደጃፍ ጥቂት የቆየ ሰው ጣሊያንኛ ሳይሰማ አይመለስም። ያቤሎ ይሁን ነገሌ ቦረና፣ ሞያሌ ይሁን ተልተሌ፣ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ እጁን እየዘረጋ የሚጠራው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ስሙ ጣሊያንኛ ሲሆን ሥራው አማርኛ ነው። ብሎኑ ይፈታል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ ካንዴላው ይጸዳል። ጣሊያኖች ዕቃቸውን ከነስሙ ትተውልን ሲሄዱ ግሳቸውን ይዘው ሄደዋል። እኔም ብዙ ዓመት በእነዚህ ስሞች መሐል ስኖር፣ በቋንቋው “እኔ” ብዬ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አልችልም ነበር።

ግሱን እንድፈልገው ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ትኖራለች፤ ልጅቱ እዚያው ተወልዳ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ተልተሌ ላይ በማስተምርበት ጊዜ ኔትወርኩ ሲገኝ እየደወለች “ክዋንዶ ቪዬኒ?” ትለኛለች፤ መቼ ትመጣለህ ማለቷ ነው። እመጣለሁ ብላት ቃል መግባት ይሆንብኛል፤ አልመጣም ብላት ሆዷ ይባባል። እኔ የምፈልገው “ብችል እመጣ ነበር” የሚለውን ነው። ጣሊያንኛ ይህችን አጭር ንግግር ለሁለት አንቀጽ ያካፍላታል፦ “ሴ ፖቴሲ፣ ቬሬይ”። የመጀመሪያው ግስ ምኞትና ጥርጣሬ ከሚነገርበት ከኮንጁንቲቮ፣ ሁለተኛው “ቢሆን ኖሮ” ላይ ከሚንጠለጠለው ከኮንዲትሲዮናሌ ይመጣል። ለአንዲት ልጅ እውነቱን ለመንገር እስከዚያ ድረስ መማር ነበረብኝ።

ጀመርኩት። የጣሊያንኛ ግስ ሰባት አንቀጽ አለው። ኢንዲካቲቮ፣ ኮንጁንቲቮ፣ ኮንዲትሲዮናሌ እና ኢምፔራቲቮ ባለቤት ይቆጥራሉ፤ አርእስቱ ኢንፊኒቶ፣ ቦዙ ጄሩንዲዮ እና ፓርቲቺፒዮ አይቆጥሩም። ኢንዲካቲቮ ብቻውን ስምንት ጊዜያት አሉት፤ የሁሉም ሲደመር 21 ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሰንጠረዥ ሲያይ መጽሐፉን ይከድናል። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ደጅ ግስ የወረደ ሰው ግን አይደነግጥም። “ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል” እያለ ኃላፊውን፣ ትንቢቱን፣ ዘንዱን፣ ትእዛዙን በአንድ ትንፋሽ ያወረደ አፍ፣ “ፕሬንዶ፣ ፕሬንዲ፣ ፕሬንዴ፣ ፕሬንዲያሞ፣ ፕሬንዴቴ፣ ፕሬንዶኖ” ማለት አይከብደውም። እኔም በዚያው በአባቶች ስልት ጮክ እያልኩ አወረድኩት።

ለእኛ ጆሮ የቀለለ ነገርም አገኘሁ። “እንወስዳለን” የሚለው ትንቢትና “እንወስድ ነበር” የሚለው ኮንዲትሲዮናሌ በጣሊያንኛ የሚለያዩት በአንዲት “ም” መላላትና መጥበቅ ብቻ ነው። ፕሬንዴሬሞ፤ “ሞ” ሲላላ ወደፊት፣ ሲጠብቅ “ቢሆን ኖሮ”። ብዙ ፈረንጅ በዚህ ይሰናከላል። “አለ” ሲላላ መናገር፣ ሲጠብቅ መኖር መሆኑን ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣ ሰው ግን ወዲያው ይለየዋል። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ደብተሬ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ነጥብ አደርግ ነበር።

ሌላው ከተማሪዎቼ ጋር ያስደነቀን “መሄድ” ነው። አርእስቱ አንዳሬ ሆኖ ሳለ “እሄዳለሁ” ሲሉ ቫዶ፣ “እንሄዳለን” ሲሉ አንዲያሞ ይላሉ፤ ሁለት ሥር በአንድ ግስ ውስጥ ይኖራል። አንዲት የቦረና ተማሪ ይህን ስትሰማ “በእኛም አለ” አለች። በኦሮምኛ መምጣት “ዱፉ” ሲሆን ትእዛዙ “ኮቱ” ነው። አማርኛውም እንዲሁ ነው፤ መጣ፣ ይመጣል ስንል ቆይተን ለትእዛዙ “ና” እንላለን። ሦስት ቋንቋ በየራሱ መንገድ ሄዶ ሰው በሚሄድበትና በሚመጣበት ቦታ ላይ ሥር ለውጧል። ክፍሉ ሁሉ ምሳሌ ሲያዋጣ የዋለበት ቀን ዛሬም ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ላይ የጣሊያንኛ ፈተና እንዳለ ስሰማ ተመዘገብኩ። ጊዜው ሚያዝያ ነበር፤ የቆላው ዝናብ ወር። ወደ ያቤሎ የሚሄድ ቦሎቄ የጫነ አይሱዙ አግኝቼ ጋቢና ተሳፈርኩ። ከእኔና ከሾፌሩ መሐል የተቀመጡት አንድ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የጨረሱ የነገሌ ሰው ነበሩ። ብዙ ሳንርቅ መኪናው ከጉድጓድ ወደቀና ባሌስትራው ተሰበረ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪክ አስገብተው ሲታገሉ ከላይ ከተራራው የዘነበው ዝናብ ደረሰ፤ ከፊታችን ደርቆ የነበረው ሸለቆ ድንጋይ እያንከባለለ ሞላ። ከኋላችን ያለውም እንዲሁ። መሐል ቀረን። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነበር።

ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ሸራ አወረደ፤ ሾፌሩ ሻይ አፈላ። እኔ ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ስለነበር አውጥቼ በባትሪ ብርሃን ማውረድ ጀመርኩ። አዛውንቱ ጥቂት ካዳመጡኝ በኋላ፣

“ፕሬንዲ እያልክ ነው? እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ” አሉኝ።

“ከየት ጋሼ?”

“ከጋራዥ ነዋ! ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ ጣሊያን ዘንድ ነው ሥራ የለመድኩት። ፕሬንዲ! ላሻ! አስፔታ! ፕሬስቶ! ስንት ዓመት ሰማሁት።”

ውሰድ፣ ተው፣ ቆይ፣ ቶሎ በል። ጣሊያንኛቸው ይኸው ነበር። እጃቸው ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ሰው፣ ከቋንቋው የደረሳቸው ትእዛዙ ብቻ ነው። እሳቸው ቀጠሉ፤

“እስቲ ‘እኔ እወስዳለሁ’ ሲል ምን ይላል?”

“ፕሬንዶ።”

“ፕሬንዶ” አሉ ቀስ ብለው። “እሱን አንድም ቀን አልተማርኩትም። ‘ብወስድ ኖሮ’ስ?”

“ሴ ፕሬንዴሲ።”

ዝም ብለው ቆዩና የጠየቁኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም፦ “ለትልቅ ሰው ‘ይውሰዱ’ ማለትስ አላቸው?”

አላቸው። “ፕሬንዳ” ይባላል። እኛ ለምናከብረው ሰው “ውሰድ” ማለትን ትተን በሩቅ ሰው አንቀጽ “ይውሰዱ” እንደምንለው ሁሉ፣ እነሱም ትእዛዙን ትተው ከኮንጁንቲቮ ይዋሳሉ። ሰውየውን ፊት ለፊት አያዙትም፤ እንደ ሦስተኛ ሰው አድርገው ይመኙለታል። “ጤና ይስጥልኝ” ስንባባልም፣ ለታመመ “እግዜር ይማርህ” ስንልም በዚያው አንቀጽ ነው። ሮምና ጎንደር ሳይነጋገሩ አክብሮትን በአንድ ቦታ አስቀምጠውታል። ለእኚህ አባት ግን በዚያ ጋራዥ ውስጥ “ፕሬንዳ” ያላቸው አልነበረም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የዚህን አገር ታሪክ በግስ ማሰብ አልተውኩም። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በዚህ አካባቢ ሲያልፍ የገናሌን ወንዝ በአገሩ ሰው በጃኮሞ ዶሪያ ስም “ገናሌ ዶሪያ” ብሎት ሄደ፤ ስሙ እስከ ዛሬ ካርታ ላይ አለ። የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ገፍቶ በጥር 1928 ዓ.ም. ነገሌን ሲይዝ “የነገሌ ማርኬዝ” የሚል ማዕረግ ተሰጠው፤ ጣሊያኖቹ በከተማዋ ስም የተጠራ ሰርጓጅ መርከብም ነበራቸው፤ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ጥር ላይ ሰጠመ። ስም ይወሰዳል፣ ይዘረፋል፣ በሰውና በብረት ላይ ይለጠፋል። ግስን ግን ማንም ነጥቆ አይሄድም፤ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ እየተነጋገረ ካልሰጠው በቀር አይተላለፍም።

ፋሽስቶቹ እንዲህ ያለ መቀመጥ አልፈለጉም። በኤርትራ ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት ከ4ኛ ክፍል አያልፍም ነበር። በራሳቸው አገር እንኳ በ1938 (እ.ኤ.አ.) “ሌይ” የሚለውን የአክብሮት አጠራር አጥፍተው በ“ቮይ” ለመተካት ዘመቻ ከፍተዋል፤ “ፕሬንዳ” የሚኖረው በዚሁ “ሌይ” ውስጥ ነው። ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናታቸው ከእነሱ በኋላ በኢትዮጵያ ይነገር የነበረውን የቀለለ ጣሊያንኛ መርምረዋል። እንዲህ ባለው አነጋገር እርባታው ይረግፍና አርእስቱና ፓርቲቺፒዮው ይቀራሉ፤ አንዳሬ፣ አንዳቶ። ሰው ይህን ሲሰማ ተናጋሪው መማር ያቃተው ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላምንም። በኦሮምኛና በአማርኛ ግስን በጾታ፣ በቁጥር፣ በአክብሮት የሚያረባ ሕዝብ እርባታ አያቅተውም። የተነገረው ያ ብቻ ስለነበር የያዘው ያንኑ ነው።

ሊነጋ ሲል ከሸለቆው ማዶ ያሉ የቦረና ሰዎች ውሃው ጎደል ሲል ወተት ይዘውልን ተሻገሩ። “ነጋ ቡልታኒ?” አሉን፤ በሰላም አደራችሁ ወይ። አዛውንቱ ወተቱን ተቀብለው ከመጠጣታቸው በፊት ወደ እኔ ዘርግተው “ፕሬንዳ፣ መምህር” አሉኝ። በዕድሜ ልጃቸው ለምሆነው ለእኔ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከመኪናው ሥር ገቡና የተሰበረውን ባሌስትራ በእንጨትና በሽቦ አስረው አስነሱን። ያቤሎ ስንደርስ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሄዷል፤ ፈተናውም አለፈኝ።

አልተከፋሁም ብል እውነት አይሆንም፤ ብዙ ደክሜበት ነበር። ለእህቴ ልጅ ግን ከያቤሎ ደውዬ መንገዱን ነገርኳትና፣ ስትጠይቀኝ “ሴ ፖቴሲ፣ ቬሬይ” አልኳት። ቅር አላላትም። በዝርዝር ጠየቀችኝ፤ ምን ቢኖር እንደምመጣ፣ ማን እንደከለከለኝ፣ ዝናቡ ሲያባራ ምን እንደማደርግ። ግሱ ሲሟላ ንግግሩም ተሟላ። ከዚያ በፊት እኔና እሷ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር እንጂ አልተጨዋወትንም።

ቀጥሎ የመጣውን ፈተና ወሰድኩና አለፍኩ፤ ዛሬ ለሚፈልግ ወጣት ጣሊያንኛ አስተምራለሁ። ትእዛዙ አጭርና ቀላል ስለሆነ ቶሎ ለማምጣት ያጓጓል። እኔ ግን ከ“ፕሬንዶ” እጀምራለሁ፤ ተማሪው አስቀድሞ ስለ ራሱ ይናገር። ከዚያ ምኞቱንና “ብችል ኖሮ”ውን አስይዘዋለሁ፤ ወዲያው “ፕሬንዳ”ን አስከትላለሁ፤ “ፕሬንዲ” መጨረሻ ይመጣል። እንግሊዝኛም፣ ዓረብኛም፣ አማርኛም ለጎረቤት ልጅ ስናስተምር እንዲሁ ብናደርግ እላለሁ። በየቤታችን ለሥራ የገባች የገጠር ልጅ ከአማርኛ መጀመሪያ የሚደርሳት “አምጪ፣ ውሰጂ፣ ዝጊ” ነው። “እፈልጋለሁ”ን፣ “ብማር ኖሮ”ን ቀድመን እናስተምራት፤ ቋንቋው የእሷም የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።