አክተር አይሞትም

ጅጅጋ ውስጥ ሰውን "ይሄን ፊልም አይተኸዋል?" ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። አይቶታል። "ስንቴ?" ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ስንቴ እንዳየ የሚቆጥር ሰው ገና ጀማሪ ነው።

አላምንም የሚል ካለ ፊልም የሚጭን ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይታዘብ። ባለሱቁ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ "ይሄ ትናንት የገባ ነው፣ ይሄን ደግሞ ገና ማንም አላየውም" እያለ ይዘረዝራል። "ማንም አላየውም" ሲባል የደንበኛው ፊት ይጨማደዳል። ማንም ያላየውን ፊልም እሱ ምን ቆርጦት ያየዋል? ፍላሹን ያቀብልና "ሾሌይን ጫንልኝ" ይላል።

"ባለፈው የጫንኩልህስ?"

"አለ።"

"ታዲያ?"

"ለመጠባበቂያ ነዋ! ቢጠፋስ?"

ይሄ ሰውዬ ጎረቤቴ ነው። ሰፈራችን ውሃ ከመጣ ሰነባብቷል፤ በርሜሉ ባዶውን ፀሐይ ይመታዋል። የሾሌይ መጠባበቂያ ግን አለው።

ሾሌይ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1967 ዓ.ም. የወጣ፣ ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስድ የሽፍታ ፊልም ነው። ቦምቤይ ውስጥ ሚኔርቫ በሚባል ሲኒማ ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ሳይወርድ ታይቷል። ሕንዶቹ ራሳቸው በፊልሙ ስላበዱ ንግግሩን ለብቻው በሸክላ አሳትመው ሸጠዋል። ዘፈኑን አይደለም፣ ንግግሩን! እኛ ሰፈር ቢመጣ ግን የሚገዛው አይገኝም ነበር፤ ሁሉም በቃሉ ይዞታል።

የኛ አገር ልዩነቱ ሕንዶቹ ሶማልኛ መናገራቸው ነው። በሶማልኛ የተመለሰ የሂንዲ ፊልም ከሀርጌሳ በሉ ከጅቡቲ፣ ከወጃሌ በሉ ከቀብሪበያህ፣ ያልገባበት ቤት የለም። ሻህሩክ ኻን ዴልሂ ይወለድ እንጂ ሶማልኛው እንከን አይወጣለትም። እንዲያውም የኔን ሶማልኛ ያቃናልኝ እሱ ነው። ችግሩ፣ የተማርኩት ከፍቅር ፊልም ስለሆነ ገበያ ወጥቼ በቲማቲም ዋጋ ስከራከር አባቷን የምትለምን ሙሽራ እመስላለሁ። አንዷ ሻጭ አንጀቷ ተላውሶ ዋጋ ቀንሳልኛለች።

ግቢያችን ያሉት ኤዶ ደግሞ የሻህሩክን ድምፅ ከገዛ ልጆቻቸው ድምፅ አስበልጠው ነው የሚያውቁት። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ያንኑ ፊልም በስልኩ፣ በራሱ በሂንዲው ከፈተላቸው። ትንሽ አዳመጡ፤ ፊታቸው ተለወጠ። "ወላሂ ይሄ የሱ ድምፅ አይደለም" አሉ። "ሌላ ሰው አስገብተውበታል!"

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ቱርኮቹን አማርኛ አስተምሮ ሲያመጣቸው ግቢያችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በአንዱ ክፍል ቱርኮች በአማርኛ ይካካዳሉ፣ በሌላው ሕንዶች በሶማልኛ ይታረቃሉ፤ መሃል ላይ ልብስ የምታሰጣ ሰው የትኛው ለቅሶ የማን እንደሆነ ይጠፋባታል። በኋላ ግን ሕንዶቹ አሸነፉ። የቱርኩ ተከታታይ ነውና ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የማይታወቅ ነገር ደግሞ እኛ ሰፈር ሰው አያይም።

ነገሩ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ፊልም የምንደግመው የሚሆነውን ለማየት አይደለም፤ ከሚሆነው ቀድመን ለመናገር ነው። "አሁን ዞር ይላል!" "አሁን በሩን ይገነጥለዋል!" ይሄ ሱስ የተጀመረው በቪዲዮ ቤት ዘመን ይመስለኛል። ጣውላ አግዳሚ፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ የላብና የኦቾሎኒ ሽታ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሽዋዚንገር በኮማንዶ። ያን ጊዜ የሰፈር ልጅ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቅ ነበር፦ አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብበትም አክተር አይሞትም። ሆኖም ሽዋዚንገር ከኋላው ሰው በመጣ ቁጥር "ከኋላህ! ከኋላህ!" እያልን ጣራውን እናነሳው ነበር። አንዴ ባለቤቱ ትዕግሥቱ አልቆ ቀድሞ የሚናገረውን ልጅ ጎትቶ አስወጣው። ልጁ ዞሮ መስኮቱ ሥር ቆመና፣ ምንም ሳያይ፣ በድምፁ ብቻ እየተመራ ቀሪውን ሁሉ ቀድሞ ተናገረው።

ያንን ሕግ ያፈረሰው ሾሌይ ነው። አሚታብ ባችቻን እዚያ ውስጥ ይሞታል። በርጫ ላይ ይሄ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሊቃውንቱ ይከፈላሉ። ግማሹ "አክተር ስለማይሞት፣ አሚታብም ስለሞተ፣ አክተሩ ጓደኛው ዳርሜንድራ ነው" ይላል። ሌላው "አቦ ተወን! አሚታብ አክተር ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?" ብሎ ይነሳል። መስጊድ ሠርተው፣ ጎሳ አስታርቀው፣ የመሬት ክርክር ፈትተው የሚያውቁ ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ተሸንፈዋል። ጉዳዩ በቀጠሮ ነው ያለው።

አሚታብ በፊልሙ ውስጥ የሚወረውራት ሳንቲም አለች፤ ሁለቱም ገጿ አንድ ዓይነት ነው። ጓደኛው ይሄን የሚደርስበት አሚታብ ከሞተ በኋላ ነው። የበርጫው ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ሆኖም ሳንቲሟ ወደ ላይ ስትነሳ አንዱ ሁልጊዜ በሌላኛው ገጽ የሻሂ ሂሳብ ይወራረዳል። ሁልጊዜ ይከፍላል። "አንድ ቀን" ይላል፣ ብሩን እየቆጠረ።

መብራት ሲሄድስ? ሌላ አገር መብራት ሲሄድ ፊልም ይቆማል። ግቢያችን ግን መብራት ሲሄድ ነው ፊልሙ የሚጀምረው። ድርሻችን የተከፋፈለ ነው። አምጃድ ኻን የሚጫወተው ጨካኙ ሽፍታ ጋባር ሲንግ የአዴር ነው። አዴር ጡረታ የወጡ፣ ፍየሎቻቸው እንኳ የማይፈሯቸው ሰው ናቸው፤ ጨለማ ውስጥ ግን ድምፃቸውን አወፍረው ሰዎቹ ስንት እንደነበሩ ሲጠይቁ አጥር ላይ ያለ ድመት ይዘላል። ወሬ የማትጠግበው ጋሪ ነጂ ባሳንቲ ለኔ ናት። ለምን ለኔ እንደደረሰች ጠይቄ አላውቅም፤ ግቢው በሙሉ ድምፅ ነው የመረጠኝ። የጠርሙስ ስብርባሪ ላይ መጨፈሩ ብቻ ቀርቶልኛል። አንድ ምሽት ሩብ የሚሆነውን ፊልም በጨለማ ተወጥተነው መብራት መጣና ቴሌቪዥኑ ካቆመበት ቀጠለ። አዴር ተቆጡ፦ "ይሄንን እኮ አሁን አየነው! አሳልፈው!"

ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ በዳካታ በኩል ስትመጡ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ፣ ነካ ቢያደርጉት የሚወድቅ መስሎ የቆመበትን ሸለቆ ታውቁታላችሁ። ሚኒባሱ እዚያ ሲደርስ ከኋላ ወንበር ሳይናገር የማያልፍ ሰው አለ፦ "ጋባር ሲንግ የተቀመጠበት ድንጋይ ያ ነው።" ፊልሙ የተቀረጸው ባንጋሎር አጠገብ፣ ራማናጋራ በሚባል ድንጋያማ ቦታ እንደሆነ አንዴ ለአንዱ ነገርኩት። በትዝብት ዐየኝ። "እዚያም ቀርጸው ይሆናል" አለ።

የሴቶቹን ብተው ያዳላሁ ይመስላል። ኤዶ ያሉበት ወገን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም ነው፤ አባት ልጁን የሚያባርርበት። እዚያ ውስጥ ያለችው እናት፣ ጃያ ባችቻን፣ ልጇ ሳይታይ፣ እግሩ ደጁን ሳይረግጥ መምጣቱ ይታወቃታል። ይሄ ቦታ ሊደርስ ሲል ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። እኔማ ጭራሽ ቀድሜ ነው የማለቅሰው፤ ሻህሩክ ከሄሊኮፕተር ሲወርድ እምባዬ ያልቅና ዋናው ቦታ ላይ ደረቅ ዓይኔን ይዤ እቀራለሁ። ባለፈው ሁላችን እናትየውን አፍጥጠን እያየን፣ ኤዶ "የናት አንጀት! እንዴት አወቀች!" እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ ውጭ በሩ ይደበደብ ነበር። ማንም አልተነሳም። የኤዶ ልጅ ነው፤ ከወጃሌ ሲነዳ ውሎ ደክሞት መጥቶ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ደጅ ቆሞ ጠበቀ።

ገብቶም አልተቆጣም። "የት ደረሰ?" ብሎ ነው የተቀመጠው።

ለነገሩ ብቻችንን አይደለንም። ሙምባይ ውስጥ ማራታ ማንዲር የሚባል ሲኒማ ቤት ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃየንጌን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1995 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሲያሳይ ኖሯል። ይሄን ለኤዶ ስነግራቸው ቀኑባቸው መሰለኝ፤ "እዚያ መብራት አይሄድማ!" አሉ።

አሁን ደግሞ ሰሞኑን ግቢያችንን ያናጋ ወሬ መጣ። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ በርጫ መሃል ገባና "አዴር፣ የሾሌይ መጨረሻ ሌላ ነው አሉ" አለ።

ፀጥ አለ። አዴር ያነሱትን ቅጠል መለሱት። "ማን ፈቀደላቸው?"

ልጁ አስረዳ። በፊልሙ ክንዶቹን ያጣው የቀድሞ ፖሊስ ታኩር መጀመሪያ በተቀረጸው ላይ ጋባርን በራሱ እግር ይገድለዋል። ሕንድ ያን ጊዜ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ስለነበረች ሳንሱሩ "ፖሊስ የነበረ ሰው በገዛ እጁ ፍርድ አይሰጥም" ብሎ አስቀየራቸው፤ ፖሊሶች መጥተው እንዲያስጥሉት ሆነ። ያ የተቆረጠው ታድሶ በ2025 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ አደባባይ ላይ ለሕዝብ ታየ።

አዴር ረጅም ጊዜ አሰቡ። የሻሂ ሂሳብ ከፋዩ እንኳ ብሩን ኪሱ ከተተ።

"አሚታብስ?" አሉ በመጨረሻ።

"እሱማ ይሞታል።"

"በአዲሱም?"

"በአዲሱም።"

"ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?" ሪሞቱን አነሱ። "ወርያ፣ የድሮውን ክፈትልኝ።"