አትቁጠሩ፣ አስምሩ

ልጆቻችንን ባር ግራፍ የምናስተምርበት ዘዴ እንከን አይወጣለትም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ቋሚ፣ አንድ አግድም መስመር ያሰምርና ፖም 20፣ ወይን 30፣ እንጆሪ 40 ብሎ ይጽፋል። በማንጎ ያደገው የባሕር ዳር ልጅ እንጆሪ የት አይቶ ይቆጥራል እንዳትሉ፤ ለመሆኑ ማን ቁጠር አለው? ማስመሪያውን ደብተሩ ላይ ተጭኖ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ዓምዶቹን ይገለብጣል። ስፋታቸው እኩል ከሆነና ላጲስ ካላቆሸሻቸው 10 ከ10።

አንዳንድ ነገረኞች ግን አርፈው አይቀመጡም። ልጆቹን ጣና ዳር ውሰዷቸው ይላሉ። ጠዋት ዓሣው ከታንኳ ሲራገፍ ቀረሶውን፣ አምባዛውን፣ ነጭ ዓሣውን በጭረት ይቁጠሩ፤ አምስተኛዋን ጭረት በአራቱ ላይ ያጋድሟት፤ ከዚያ ይሳሉ ነው የሚሉት። ጉድ እኮ ነው! ቀረሶው 17፣ አምባዛው 4 ቢሆንስ? በአሥር በአሥር በተከፋፈለው መስመራችን ላይ 17 የት ሊቆም ነው? ልጁ በ2 ልሂድ ወይስ በ5 ብሎ ራሱ ሊወስን ነው እኮ። እሱ በ5፣ ጎረቤቱ በ2 ከሄዱ ደግሞ ያው 17 ቀረሶ አንዱ ደብተር ላይ ጉቶ፣ ሌላው ላይ ግንብ ሆኖ ቁጭ ይላል። "የማን ነው ትክክል?" ብለው ሲከራከሩ፣ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ሲገለጥላቸው፣ ክፍለ ጊዜው አለቀ ማለት ነው።

ዝናብ ይለኩ የሚሉማ የባሱ ናቸው። ባሕር ዳር ሐምሌና ነሐሴ የሚያወርደው ዓምዱን እስከ ገጹ አናት ይሰደዋል፤ ጥር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጠብ የሚል ነገር የለም። ይኼኔ አንዷ እጇን ታወጣለች።

"ቲቸር፣ የጥርን እንዴት ልሳለው?"

"ዝለይው።"

ዜሮም ቁጥር ነው፤ የጥር ስም ተጽፎ በላዩ ያለው ቦታ ባዶውን መታየት አለበት የሚለውን ደንብ መቼም የትምህርት ጠላት ሳያወጣው አይቀርም።

ዓምድ እየደረደረ ንግድን በማሳየት ስሙ የሚነሳው ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌርም እንዲሁ ራሱን ያደከመ ሰው ነበር። በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የስኮትላንድን ንግድ ከዓመት ዓመት በመስመር ሊያሳይ ፈልጎ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ስላገኘ ነው ዓምድ ወደ መደርደር የገባው። የጎደለውን ዓመት ከራሱ ሞልቶ መገላገል እያለ! እኛ ዘንድ ተምሮ ቢሆን አንድ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይበቃው ነበር።

ዘዴያችን ምን እንዳፈራ ማየት የሚሻ በየቢሮው ግድግዳ የተለጠፈውን ግራፍ ይመልከት። ዕቅድና ክንውን እንደ መንታ እኩል ቆመዋል፤ ዓምዶቹ ያምራሉ፤ ማን እንደቆጠረ አይታወቅም።

አሁን የቀረን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ናቸው። እስከ 100 በሚደርስ ቋሚ መስመር ላይ ከተሳሉ አራቱም ከወለሉ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ለግድግዳ አይሆኑም። ስለዚህ መስመሩን ከ3 አስጀምሩት። ያኔ የ2017ቱ ዓምድ የ2015ቱን 27 እጥፍ ሆኖ ይገተራል፤ በእውነተኛው ስሌት ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶችስ? እንደ ጥር ዝለሏቸው። መስመሩ ለምን ከ3 ጀመረ የሚል ሰው እንዳይነሳ ደግሞ ገና ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ በቂ ጥንቃቄ ተደርጓል።