ለአህያ ብናዘዝ ዘመድ ተሰበሰበ

እኔ የማውቀው ዘመድ የሚሰበሰበው ሰው ሲሞት ወይም ሲዳር ነበር። አሁን ደግሞ የሽማግሌ አእምሮ ሲጠረጠርም መሰብሰብ ተጀምሯል። ባለፈው ሰሞን ደጄን የሞላውን ሰው ያየ ጎረቤት፣ ድንኳን ይምጣ ብሎ ለእድሩ ዳኛ ደውሎ ነበር አሉ። የሞተ ሰው የለም። አባወራው «ስሞት ከንብረቴ አንድ አሥረኛው ለአህያ ሕክምና ይሰጥ» ብሏል፤ ወንጀሉ ይኸው ነው።

ትልቁ ልጄ ጉሮሮውን ጠርጎ «አባዬ፣ ደም ግፊትህን ተለክተሃል?» አለኝ። ታናሺቱ አለቀሰች። ከቤቴ ሰባራ ጣባ የማይደርሰው አማቼ ከሁሉም ብሶ ተቆጣ። ባለቤቴ ብቻ ዝም ብላ ቡናዋን ትቆላለች፤ እኔ ደግሞ ከጩኸታቸው ሁሉ የእሷን ዝምታ እፈራለሁ።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እያሉ ሲተርቱባት የኖሩት እነዚሁ ናቸው። እኔ ተገልብጬ፣ እኔ ከሞትኩ ሰርዶው ይብቀል፣ እሷም ትብላው ስል ጃጀ ተባልኩ። አህያዋ ያን ማለቷን እኮ በጆሮው የሰማ የለም! ጭነቱ አልበቃ ብሎን የራሳችንን ንፍገት ጨመርንላት።

የዛሬ ልጅ ጤፍ በኪሎ ታሽጎ ከሱፐርማርኬት የሚበቅል ይመስለዋል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በእህል ንግድ ነው፤ እዚሁ ቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት ስትባል። የአካባቢያችን የአዳ ጤፍ ስሙ የገነነው በጥራቱ ነው ይላሉ፤ ይሁን። ከገበሬው አውድማ እስከ መጋዘኔ ተሸክሞ ያመጣው ግን ጥራቱ አይደለም፤ አህያ ናት። ድብዳቡ ሳስቶ፣ መጫኛው ቆዳዋን በልቶት፣ ገጣባ ጀርባዋ ላይ ዝንብ ሰፍሮ ትመጣለች። ጭነቱን አውርደን ሚዛን ላይ እናወጣዋለን። እህሉ ስንት ኪሎ ሆነ ብሎ የሚጨቃጨቅ ነጋዴ ሞልቶ ነበር፤ እሷ እንዴት ሆነች ያለ አላጋጠመኝም። በዚያ ጀርባ የተማረው ትልቁ ልጄ ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ አንድ አሥረኛው ስንት እንደሚመጣ ያሰላልኛል።

አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት፤ ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ አሏት። በሩጫ አንደኛ ስንወጣ ባንዲራ ለብሰን አደባባይ እንውላለን። የአህያውን አንደኝነት ሳነሳ ግን አማቼ አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል።

ከተማችን ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የሚባል የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ከኮሌጁ ጋር ሆኖ የገበሬውን አህያ ሲያክም ኖሯል፤ ቁስል ያጥባል፣ የሆድ ትል መድኃኒት ያጠጣል፣ ሰኮና ይከረክማል፣ ጥርስ ያስተካክላል። አዎ፣ ጥርስ። እኔ ለአንዲት መንጋጋዬ የተጠየቅኩትን ዋጋ የሰማ ሰው አህያ ባደረገኝ ማለቱ አይቀርም። ስፓና የሚባል ሌላም አለ፤ እሱም እኛ አገር ይሠራል። ኬትና ኒና ሆሳሊ የሚባሉ እናትና ልጅ የሰሜን አፍሪካ የጭነት እንስሳት ሥቃይ አንገብግቧቸው እ.ኤ.አ. በ1923 ያቋቋሙት ነው። እናትና ልጅ ተስማምተው! በእኔ ቤት እናትና ልጅ በወጥ ጨው ተስማምተው አያውቁም።

አንዱን ወጣት ሐኪም «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ወጪ የሚችለው ማነው?» አልኩት። «አብዛኛው ከኑዛዜ ነው፣ አባባ» አለኝ። ለካ የእንግሊዝ ባልቴቶች ሲሞቱ የሚተዉት ገንዘብ ነው። ኦቾሎኒ የሚያህል ቡችላ ታቅፈው የኖሩ፣ አዳን በካርታ ላይ እንኳ የማያውቋት ሴቶች የአዳን አህያ ጀርባ ያሳጥባሉ! እኛ በጀርባዋ ሀብት ያፈራነው ደግሞ ስሟን ለስድብ እንጠራዋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የዕድሜ ነው አሉኝ።

የዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ መሥራች ኤሊዛቤት ስቬንድሰን ይባላሉ፤ ዴቨን በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ሆቴል የነበራቸው ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራውን ጀመሩት። በ1974 ደግሞ እንደሳቸው አህያ የሚሰበስቡ ሌላ ሴት ሲሞቱ በኑዛዜ ምን ቢተዉላቸው ጥሩ ነው? 204 አህያ! እስቲ አስቡት፤ ውርስ ደረሰዎ ተብለው ሲጠሩ ግቢው ሙሉ ያናፋል። ሴትዮዋ ተቀበሉ፤ አበሏቸው። እኔ ከአባቴ የወረስኩት የአጥር ክርክር ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ ቀጠሮ አላለቀለትም።

ለንደን ያለው መካከለኛው ልጄ ነገሩን ሲሰማ ደወለ። በበዓል የማይደውል ልጅ! «አባዬ፣ እዚህ ሰው ለእንስሳ የሚናዘዘው ከደግነት እንዳይመስልህ» አለኝ። ከተወሰነ መጠን በላይ ሀብት ትቶ የሞተ ሰው ካለ መንግሥት ከትርፉ 40 በመቶ ይወስዳል፤ ለበጎ አድራጎት የተተወው ግን አይቀረጥም፤ ከንብረቱ አንድ አሥረኛውን ለበጎ ሥራ ለተወ ደግሞ የቀረውም ቀረጥ ወደ 36 በመቶ ይወርድለታል። «አየህ፣ ቀረጥ ሽሽት ነው» ይለኛል። እንግዲያው የእኔው አይበልጥም? እኔ የምሸሸው ቀረጥ የለኝ፤ የምሸሸው እናንተን ነው።

አልሆን ሲለው በፍርድ ቤት አስፈራራኝ። እዚያው እንግሊዝ አንዲት እናት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሞቱ ወደ 486,000 ፓውንድ የሚጠጋውን ንብረታቸውን ለእንስሳትና ለወፎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተዉት። አንዲት ልጃቸው በ17 ዓመቷ ከፍቅረኛዋ ጋር ከቤት ወጥታ ተኳርፈው ነበር፤ ከሰሰች። የመጀመሪያው ዳኛ 50,000 ፓውንድ ፈረዱላት፤ ይግባኝ ሰሚው ከፍ አደረገላት፤ በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ 50,000 መለሰው። «ታዲያ ከዚህ ምን ተማርክ አባዬ?» አለኝ። ሴትዮዋ ምክንያታቸውን በደብዳቤ ጽፈው እንደተዉ ሰምቻለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ፣ በበዓል ያልደወለውን በስሙ እጠራዋለሁ አልኩት። ስልኩ ተቋረጠ። ኋላ ኔትወርክ ነው አለ።

የልጅ ልጄ በበኩሏ አሜሪካዊቷን የሆቴል ባለሀብት ሊዮና ሄልምስሊን አመጣችብኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሞቱ ለውሻቸው 12 ሚሊዮን ዶላር ተዉ፤ ዳኛው ወደ 2 ሚሊዮን አወረዱት። ለውሻዋ የጥበቃ ሠራተኛ ሳይቀር ይከፈል ነበር። ውሻ የሚጠብቅ ዘበኛ! እኔን ከዚህ ጋር አታነካኩኝ።

ደግሞም የእኛ ሕግ እንስሳን ወራሽ አያደርግም። ይህን ለራፖር ጸሐፊው ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ «ወራሽ፡- አህያ» ብሎ ሊጽፍልኝ ነበር። ስጦታው ለድርጅት ነው፣ ስሙ በትክክል ይጻፍ፣ ለምን ሥራ እንደሚውልም ይገለጽ አልኩት። «ታዲያ ጋሼ፣ ፆታዋ አያስፈልግም?» አለኝ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ ሦስቱም ሽማግሌ ለማማረር የወጡ ናቸው። አንደኛው የቃል ነው፤ ሞት ደረሰብኝ ያለ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው። በዚህ የሚሰጥ ስጦታ ግን ለአንዱ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ጥማድ በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አህያዋን በጭድ ሳምንት አያሻግራትም። ይባስ ብሎ ከተናገርክ በኋላ ሦስት ወር ሳትሞት ከቆየህ ኑዛዜው ይፈርሳል። አልሞትክምና ንግግርህ ውድቅ ነው! ሁለተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስ እጅ የሚጻፈው ነው፤ እሱም በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። የእኔን እጅ ጽሑፍ ደግሞ ተዉት፤ የዱቤ ደብተሬን አንብቦ ዕዳውን ያመነ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

የቀረኝ በግልጽ የሚደረገው ነው፤ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል ይላል ሕጉ፤ የሄድኩበት ቢሮ ግን ሁልጊዜ «ሲስተም የለም» ስለሚል አራቱን ፍለጋ ወጣሁ። አራት የሚያውቁህን ሰዎች በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ማግኘት በዚህ አገር የሚቻለው ለቅሶ ላይ ነው። አንዱ «ስሜ ከአህያ ጋር በአንድ ወረቀት አይውልም» አለ፤ ዕድሜ ልኩን ስሙ የዋለው ከማን ጋር እንደሆነ እናውቃለን። ሁለተኛው በኑዛዜው ለእሱም የተጣለች ነገር እንዳለች በዘዴ ጠየቀኝ፤ ምስክር መጠቀም አይችልም ብለው እዚያው ምስክርነቱን ተወ። ሦስተኛው ምሳ አለ ወይ አለ። አራተኛው ደግ ሰው ነው፤ ግን አይሰማም፤ እኔ ለአህያ ስል እሱ «ለእህትህ ብትሰጥ ጥሩ አደረግህ» እያለ ይመርቀኛል።

የነፍስ አባቴም መጡ። ልጆቹ እንደላኳቸው ያወቅኩት ቡና ሳይቀርብ ወደ ነገሩ ሲገቡ ነው። «ልጄ፣ ለነፍስህ የሚሆን ነገር አስብ እንጂ፤ ለአህያ ተዝካር የለውም» አሉኝ። «አባቴ፣ ጌታ በሆሳዕና በምን ተቀምጦ ገባ?» ብላቸው ሳል ያዛቸው። ከደጃፌ የሚታየውን የዝቋላን ተራራ አሳየኋቸው፤ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከእንስሳት ጋር አይደለም የሚሣሉት? «እነሱ እኮ አንበሳና ነብር ናቸው» አሉኝ። በገነትም ማዕረግ አለ ማለት ነው። ሕጉ ግን ስለ ነፍስ አባትም አንድ ነገር ይላል፤ ሟቹ ከመሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት መንፈሳዊ እርዳታ ለሰጠው ሰው የተናዘዘው ስጦታ በዳኛ ሊቀነስ ወይም ሊሻር ይችላል። ይህን አልነገርኳቸውም። ጸበል ሊረጩኝ ነበራ የመጡት።

አማቼን አልጨረስኩም። በ2009 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ ቆዳዋን የሚፈልጉት ቻይናዎች ናቸው፤ ቀቅለው መድኃኒት ያደርጉታል። ሕዝቡ ተቆጣና ቄራው ተዘጋ። አማቼ ከጮኹት አንዱ ነበር፤ ለእሷ አዝኖ መስሎኝ አቅፌ ሳምኩት። «ክትፎ ውስጥ ቢቀላቅሉብንስ!» አለኝ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያ ለቆዳዋ መታረዷ ይቁም ብለው ተስማሙ። ስለ ቆዳዋ ይህን ያህል ተባለ። በዚያው ቆዳ ላይ ስላለው ገጣባ ስናገር ነው እኔ የማብደው።

ወሬው ከቤት ወጥቶ ሰፈር ደረሰ። ትናንት የአህያ ጋሪ ያለው የሰፈሬ ጎረምሳ በር አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ለአህያ ተናዘዙ አሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለሕክምናዋ ነው።»

«ድርጅት ውስጥ ከሚያስገቡት ለእኔ ይስጡኝ። የማበላት እኔ ነኝ።»

«በዱላ?»

ሳቀ። አህያዋን አየኋት፤ የግራ ትከሻዋ ተገሽልጧል። ነገ ወደ ሐኪሞቹ ውሰዳት፣ በነፃ ነው አልኩት። «ሕክምናው በነፃ ነው፤ የነገውን ገቢዬን ማን ይከፍለኛል?» አለ። ተከራከርን። እንደ ጤፍ ዋጋ ተከራከርን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ እኔ በቁሜ ሳለሁ ውርስ ማከፋፈል ጀመርኩ፤ የአንድ ቀን ገቢውን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ አህያዋ ሳትታጠብ ብትመለስ ግን መልሰህ ትከፍላለህ ብዬ አስማልኩት።

ገና በሩን ስዘጋ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ተናገረች።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰጠኸው እኮ ለምስክሮቹ ምሳ ሥጋ የምገዛበት ነው!»