መብራት በመጣ ቁጥር የሚዛባ ሰዓት

ደብረ ማርቆስ ላይ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ምሬት ያውቀዋል። ክረምት ገብቶ ከጮቄ ተራሮች በኩል ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ ማሽኑ እንደገና ይነሳል፤ ሰዓቱም ይዛባል።

ሁሉም ጥፋቱን በባትሪዋ ይጥላል። እርግጥ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትሞት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብሮውዘሩም ደህናውን ድረ ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። እሷስ ትቀየራለች። እኔን የሚያንገበግበኝ አዲስ ባትሪ ገብቶለትም ሰዓቱ የማይረጋው ማሽን ነው።

የሲስተሙ እምብርት የሆነው የሊኑክስ ከርነል ከተነሳ በኋላ ጊዜን የሚቆጥረው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ቆጣሪ ነው። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ ቆጣሪው በሰከንድ ስንት እንደሚመታ አስቀድሞ ስለማያውቅ በተነሳ ቁጥር ይለካዋል፤ መለኪያው ከ1981 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ የኖረው፣ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚመታው ታይመር ነው። ልኬቱ የሚሊሰከንዶች ጉዳይ ነው። በዚያች ቅጽበት የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር ባዮስ ለራሱ ጉዳይ ፕሮሰሰሩን ከነጠቀው ልኬቱ ሊስት ይችላል፤ የሳተውም ማሽኑ እስኪጠፋ አብሮ ይቆያል። ከሺህ አንድ ብቻ ቢስት በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ20 ሰከንድ በላይ ይዛነፋል።

ምን ቸገረ የሚል ካለ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማሽኖች በአንድ ፎልደር ሲሠሩ ይይ። ተማሪው ኮዱን አርሞ የተቀየረውን ብቻ በፋይል ሰዓት ለይቶ የሚገነባውን «ሜክ» ሲያስነሳ ቀድሞ የተገነባው ፋይል ገና ባልደረሰ ሰዓት የተጻፈ ነው ይባላል፤ የታረመው ተትቶ አሮጌው ይቀራል። ልጁ ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይመሻል።

ኢንተርኔት ያርመዋል ይላሉ። ሰዓትን በኔትወርክ የሚያርመው ኤንቲፒ ፍጥነቱን የሚያቃናው ግን ከሚሊዮን እስከ 500 ነው፤ ከሺህ አንድ የሆነው የኛው ስህተት ከሚሊዮን 1,000 ሲሆን ምን ያድርግ? እሱም ኔትወርክ ሲኖር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ማን ያርመው ነበር?

አዲሱ ሊኑክስ ከተነሳ በኋላ ለአንድ ሰከንድ ያህል ረጋ ብሎ ደግሞ ይለካል። ሠሪዎቹ ይባረኩ! ችግሩ እኛ ጋ ያሉት አሮጌ ማሽኖች፣ አሮጌ ሲስተም የተጫነባቸው መሆናቸው ነው። ዓመት ሙሉ የማይጠፋ ሰርቨር ያለው ሰው አንዴ ቢሳሳትም ያንኑ ስህተት እያወቀ ያርማል። የኛ ጠዋት ይፈጥናል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይዘገያል፤ ኤንቲፒ ትናንት መዝግቦ ያስቀመጠው ማስተካከያ እንኳ ለዛሬ አይሠራም።