ካርታው ነሐሴን አያውቅም

በነሐሴ ከየጥኖራ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር የሚዘልቅ ሰው መንገድ መጠየቅ ያለበት እረኛን ነው። የእህቴ ልጅ ግን ስልኩን ጠየቀ። የጥኖራ በደርግ ዘመን በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ በመላ አገሪቱ ስሟ የገነነ ናት፤ እኛን የወሰደን ግን ታሪክ ሳይሆን የዘመድ ለቅሶ ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ብንቆርጥ መንገዱን በግማሽ ይቀንስልናል። ተሥሏል እኮ!» አለኝ ስልኩን እያሳየ።

የባጃጁ ሹፌር ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየና «የተሣለው በበጋ ነው» አለ። ያም ሆኖ የኮንትራት ዋጋ ጨምሮ ገባ።

ብዙም አልሄድንም። የዚያ አገር ዋልካ ለጤፍ በረከት ነው፤ ለጎማ ግን መቅሠፍት። ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር አቆመ። ሹፌሩ በእንጨት ይፈለፍላል፤ ፈልፍሎ ሳይጨርስ እንደገና ይሞላል። ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ቆመው አዩንና «ምነው ልጆቼ፣ እስከ መስቀል በዚህ እንኳን ባጃጅ በቅሎም አታልፍ!» አሉ።

የእህቴ ልጅ የተማመነበት ማንም ሊያርመው የሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለ የኢንተርኔት ካርታ ነው። ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ በ1996 ዓ.ም. ጀመረው፤ የሚገርመው የካርታው ልደት ራሱ በነሐሴ ነው። መንገዱ ሁሉ «ዋና»፣ «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ» እየተባለ ምልክት ይለጠፍበታል፤ እርከኑም የተቀዳው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ2002 ዓ.ም. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው ሆነው የሳተላይት ፎቶ እያዩ ሣሉላት፤ ብዙው የእኛ ገጠርም እንዲሁ ከሩቅ የተሣለ ነው። ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ፎቶ ደግሞ የሚገኘው በበጋ ነው።

የአፍሪካ ካርታ ሠሪዎች ለእንግሊዙ እርከን መላ አበጅተዋል። መንገድ የሚመደበው በመልኩ ሳይሆን በሚያገናኘው ቦታ ነው፤ አስፋልት ይሁን ጠጠር ለብቻው ይጻፋል። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ፣ ጭቃ ቢሆንም እንኳ፣ ከተሞችን ስለሚያገናኝ ትልቅ መንገድ ነው ማለት ነው። እኛም «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ» እና «የበጋ መንገድ» ብለን ከለየን ቆይተናል። ካርታውም ወቅት የሚጻፍበት ቦታ አለው። የጎደለው ሞልቶ የሚጽፍ የአገር ሰው ነው።

ባጃጁ በጎበዛዝት ጉልበት ከወጣ በኋላ ጠላ ቤት ገብተን አረፍን። ልጁ አሁንም አላረፈም፤ ቤቱን ካልመዘገብኩ አለ።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»

«ጣሳው ሲሰቀል።»

«ስንት ሰዓት ይሰቀላል?»

«ጠላው ሲደርስ ነዋ!»

ይህን የሚቀበል ቅጽ አላገኘም። ከዚህ የከፋውን ያየነው ከተማ ስንመለስ ነው። አንድ ቅን ሰው የአንድ መድኃኒት ቤት ሰዓት «ከ2:00 እስከ 12:00» ብሎ እንደሰማው አስገብቶታል። ካርታው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ ቤቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ቀን በ6 ሰዓት ይዘጋል ይላል። በሌሊት ክኒን ፍለጋ የወጣ ሕመምተኛ የሚያገኘው የተቆለፈ በርና የሰፈር ውሻ ነው። ለጊዜው ደግ ሥራ ሠራ ልበል፤ የእህቴ ልጅ 08:00–18:00 ብሎ አረመው።

ወደ ሞጣ በኩል ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን በአባይ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ፤ ሰዉም ለዓመታት በገመድ እየተሳሳበ ተሻገረው። በኋላ የተሠራው ተንጠልጣይ ድልድይ የእግረኛ ነው። «ለእግረኛ ብቻ» የምትለው ምልክት ብትቀር፣ መኪና ይዞ ከጎጃም ወደ ጎንደር ልሻገር የሚል ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ፈረንጅ ያወጣውን ደንብ መርገም ዋልካ ላይ የቆመ ባጃጅ አያወጣም። ደንቡ ወቅትም፣ የመንገድ ዓይነትም፣ የአማርኛ ስምም ይቀበላል። አንባቢዬ ሆይ፣ ስልክ ካለህ የቀበሌህን መንገድ ክፈትና ተመልከት፤ ክረምት የማያስኬድ ከሆነ «የበጋ» በልበት። ከሩቅ የሣለው ሰው በነሐሴ እዚያ አልነበረም።